በሽምግልና የተመለሰች ልጅ

አዋሽ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንትም መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የባቡር ግቢ ሰው ሁሉ ፍራሹን አውጥቶ ሜዳ ላይ አደረ። እኔ የመኪና ሸራ እየሰፋሁ ስለምኖር በአንድ ሌሊት ተፈላጊ ሰው ሆንኩ፤ ያረጁትን ሸራዎች አውጥቼ ለየቤቱ አካፈልኩ። ጋሽ ዓቢይ፣ ከባቡር ጣቢያው በጡረታ የወጡት፣ «አስረሳች፣ ታሪኩ ቢኖር ይኮራብሽ ነበር» አሉኝ። ታሪኩ ባሌ ነው፤ ካረፈ ቆየ። ይኮራ እንደነበር አላውቅም።

ከእኔ ቀጥሎ የተኙት እነ ደራርቱ ናቸው። ደራርቱ ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር ለሹፌሮች ምግብ ትሸጣለች። ባሏ ባንተይርጋ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። ሜሪ የእሱ ልጅ አይደለችም፤ ደራርቱ ከፊተኛው ባሏ የወለደቻት ናት፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ተሰነጠቀ ተብሎ ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ እቤት ናት። እናቷ ስትወጣ አንሶላዋን እየጎተተች እኔ አጠገብ መጥታ ተኛች። ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አየሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወድቄ።»

«ከምን?»

«ከደረጃ።»

በዚህ ግቢ ደረጃ ያለው ቤት የለም። አንሶላውን አለበስኳት።


ታኅሣሥ 23

ባንተይርጋ መታት። በአሮጌ የሞተር ቺንጋ። ውሃ ቅጂ ብላት ስልክ ስታይ ነው አለ። የቺንጋው ጎማ ሲያርፍባት የሚያወጣው ድምፅ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ ይመስላል። ሁላችንም እዚያው ነበርን፤ ማን ወዴት ይሄዳል? ጋሽ ዓቢይ ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ ክር እያስገባሁ ነበር።

በኋላ ጎረቤቴ ሁሪያ ውሃ ልትዋስ መጣችና፣ «ግድግዳ ደግ ነገር ነው አስሩ» አለችኝ። «ግድግዳ እያለ አልሰማሁም ማለት ይቻል ነበር።»

ሳቅን። ለምን እንደሳቅን አላውቅም።


ታኅሣሥ 25

ሜሪ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ይዛ እኔ ጋ ልታድር መጣች። እናቷ ታውቃለች። ሁለት ሸራ ለነገ መድረስ አለበት፤ ወስፌውን ሰጠኋት። ስትሰፋ ምላሷን ወጣ ታደርጋለች። እጇ ጥሩ ነው።


ታኅሣሥ 26

ዛሬ ደግሞ አነበበችልኝ። ከእኔ ትፈጥናለች። እኔ ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ብቻዬን ነው፤ ከታሪኩ የጭነት ወረቀትና ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ። እስከ ዛሬ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ሜሪ አይታኝ፣ «እትዬ፣ ፊደሉ እኮ አይሸሽሽም!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ፍሬሰላምም እንዲህ ትስቅ ነበር። የታሪኩ የእህቱ ልጅ ናት፣ እኛ ጋ ያደገች። በኋላ ድሬዳዋ ዘመድ ጋ ሄደች። ታሪኩ እጁ ፈጣን ነበር እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም።

ሜሪ ከመተኛቷ በፊት «እትዬ፣ እዚሁ ልኑር?» አለችኝ።

«እስኪ እናያለን» አልኳት።


ታኅሣሥ 27

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ተሰበሰቡ። ጋሽ ዓቢይ ጠዋት መጥተው፣ «የገና በዓል ሳይደርስ ይታረቁ። ሰው ቤት ያደረች ልጅ ስሟ ይበላሻል። አንቺም የሰው ልጅ አስኮበለለች እንዳትባይ» አሉኝ። እጇን ይዤ ወሰድኳት። ሃያ እርምጃ እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። መሃል ላይ ቆመች።

«እትዬ አትመልሺኝ።»

«አባት ነው። ይቅርታ ብትጠይቂው ያልፋል።»

«አባቴ አይደለም።»

«ቢሆንም።»

ጋሽ ዓቢይ «አጥፍቻለሁ በይና ጉልበቱን ሳሚ» አሏት። ሳመች። ባንተይርጋ፣ «ይቅር ብያታለሁ። ሁለተኛ ግን በሰው ፊት እንዳታዋርደኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ አሜን አልን። ደራርቱ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ጠላ ቀረበ።

እሱን ማንም ምንም አልጠየቀውም። ይህ የታሰበኝ አሁን ስጽፈው ነው።

በአገራችን ልጅ ከቤት ከወጣች ሽማግሌ ይመልሳታል። እኔም ልጅ ሆኜ ተመልሻለሁ። ምን ሆንኩ? ይኸው አለሁ።


ጥር 1

ሸራ፣ ሸራ። ጣቴ ደማ። ሜሪ በደጄ አለፈች፣ ሰላም አላለችኝም። አንገቷ ላይ ሻሽ አስራለች። በዚህ ሙቀት።


ጥር 4

ዋሲሁን የሚባል ሹፌር የተቀደደ ሸራ ይዞልኝ መጣ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ጨዋታ ያውቃል። እየሰፋሁለት ሜሪ ጀሪካን ይዛ ስታልፍ በስሟ ጠራት። እሷም ሳቀች። ስታስብ ኖራ የመጣ ሳቅ አልነበረም፣ ድንገት ያመለጣት ነው። ከገና ወዲህ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ከየት ታውቃታለህ?»

«ከእናቷ ምግብ እበላ የለ! ጨዋ ልጅ ናት፣ ታሳዝነኛለች። ስልክ እንኳ አልነበራትም፤ ያረጀ ስልኬን ሰጠኋት። ሰመራ የማውቃት ሴትዮ አለች፣ ምግብ ቤት አላት፣ አስተናጋጅ ትፈልጋለች።»

«ልጅ ናት እኮ።»

«አሥራ ስምንት ሞልቶኛል አለችኝ። እትዬ፣ እዚህ ከምትደበደብ አይሻልም?»

ስፌቴን ቀጠልኩ። እሱ እንኳ መንገደኛው መደብደቧን ጠይቋት ያውቃል።


ጥር 7

ሜሪ መጣች። አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ደክሞኝ ነበር።


ጥር 13

ሜሪ የለችም። ከጥምቀት ማግስት ጠዋት ጀምሮ የለችም። ቦርሳዋም የለም። ማለዳ ዋሲሁን መኪና ላይ ስትወጣ ያያት አለ።

ደራርቱ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባንተይርጋ «በወጣችበት በር አትገባም» አለ። ጋሽ ዓቢይ፣ «ለሥራ ነው የሄደችው፤ መሥራት ነውር አይደለም። ደግሞ ለሹፌሩ ዋስ የሚሆን ሰው ሞልቷል» ብለው አረጋጉ። ወዲያው ስልክ ተደወለ። ደራርቱ ለሁላችን እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።

«ደህና ነኝ እማዬ። ሰመራ ነኝ። ሥራ ይዣለሁ።»

ከኋላዋ የሴት ድምፅ «በቃ ዝጊው የኔ ቆንጆ» አለ። የለሰለሰ ድምፅ ነው። ደራርቱ እንባዋን ጠርጋ «ደግ ሴትዮ ትመስላለች» አለች። ሁሉም ደግ ሴትዮ ትመስላለች አሉ። እኔም አልኩ።


ጥር 22

ጁነዲን መጣ። የቆየ ደንበኛዬ ነው፣ ሸበቶ ሹፌር። ሸራውን ሳያወርድ ቆመ።

«እትዬ አስረሳች፣ እዚህ አንቺ ጋ ወስፌ ይዛ ያየኋት ልጅ የማን ናት?»

«የደራርቱ። ምን ሆነች?»

«ሰመራ መግቢያ ላይ ካለ ምግብ ቤት አየኋት። ምግብ ስታቀርብ አይደለም ያየኋት። ከጓሮው ክፍሎች ስትወጣ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከኋላዋ ቀበቶውን እያስተካከለ ይወጣል። ወላሂ የተቀዳልኝን ሻይ ትቼ ወጣሁ። የመጨረሻ ልጄን ታክላለች።»

«አንተስ? ዝም ብለህ ወጣህ?»

«ምን ላድርግ? ጭነት ይዣለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስተግፊሩላህ። ይሄ መልስ አይደለም፣ አውቃለሁ» አለ።

ለደራርቱ ነገርኳት። አፌን በእጇ ያዘችው። «እትዬ በእናትሽ፣ እንዳትደግሚው። ግቢው ከሰማ አለቀላት። ቀስ ብዬ በሽማግሌ አስመልሳታለሁ።»

እራቴን ትቼ ሸራ አነሳሁ። ጁነዲን «ቀበቶውን» ያለው ከጆሮዬ አልወጣም።


ሰመራ፣ ጥር 25

ከጁነዲን ጋር መጣሁ። ሌላ ሰው አላማከርኩም። ገዋኔን፣ ሚሌን አልፈን ደረስን። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አውርዶኝ፣ ቃሉን ሰጥቶ ሄደ። ይህን በበጎ እጽፍለታለሁ፤ ጭነት እያለው ቆሞ ሰጠ።

የተቀበለችኝ ፖሊስ ከውሰር ትባላለች፣ የአፋር ልጅ ናት፣ ወጣት። እንደ አገሯ ሰው ታላቁንም ታናሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የምትለው። ሰምታኝ እንዳበቃች ሰዎች ይዛ ሄደች።

ሜሪን አመጧት። ከንፈሯ ተቀብቷል፣ እግሯ ላይ የትልቅ ሰው ጫማ አለ። ከኋላ የምግብ ቤቱ ባለቤት ገባች፤ የሚሠሩላት ልጆች «ማሚ» ይሏታል። ወፍራም፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ናት። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ አልጠራኋትም» አለች። «እያለቀሰች መጣች፣ ጀርባዋ ሁሉ ሰንበር ነው። ቅባት የቀባሁላት እኔ ነኝ። እኔ ቤት ማንም ጣቱን አላነሳባትም። ጠይቋት!»

ከውሰር ሜሪን ዕድሜዋን ጠየቀቻት።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ አራት ናት» አልኩ። «ስትወለድ እዚያው ነበርኩ።»

ያኔ ሜሪ ቀና አለች። «እሷ ምን አገባት? እሷ አይደለች እንዴ ሂጂ ያለችኝ?»

ከውሰር እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

ጥር 7 ቀን የጠየቀችኝ ይህን ነበር። ሰመራ ልሂድ ወይ አለችኝ። «ከዚህስ ይሻላል። እዚያ ማንም አይመታሽም» አልኳት። ይህንኑ ለከውሰር ነገርኳት። ማሚ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። አንድ ዓይነት ቃል ነው የተናገርነው።


ሰመራ፣ ጥር 26

ሐኪም አይቷታል። ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ሜሪ መጠለያ ገባች። ማሚና ዋሲሁን ታስረዋል።

ዛሬ ቃሌን ስሰጥ ዋልኩ።

«ከዚህ በፊት ከቤት ጠፍታ ታውቃለች?»

«አዎ።»

«ማን መለሳት?»

«ሽማግሌ።»

«እጇን ይዞ የወሰዳት?»

«እኔ።»

ከውሰር አልጮኸችብኝም። «ይህ ወንበር ብዙ ልጅ ተቀምጦበታል» አለችኝ። «መጀመሪያ ማን መታሽ ብዬ ስጠይቅ የቤታቸውን ሰው ነው የሚጠሩልኝ። ደላላ በር አይሰብርም፤ የተመታችውን ፈልጎ ነው የሚመጣው። ለእሷ አንድ ደግ ቃል ይበቃታል። ማስፈራራት እንኳ አያስፈልገውም፣ ወደ ቤት እመልስሻለሁ ካላት ዝም ትላለች።»

ከዚያ፣ «ሌላ በዚህ መንገድ የሄደች የምታውቂያት ልጅ አለች?» አለችኝ።

«የለችም።»

ፍሬሰላም የሄደችው ጅቡቲ ነው፣ ድሬዳዋ አይደለም። የእሷ ሌላ ነገር ነው። ያኔ መንገዱም እንዲህ አልነበረም።

ልነሳ ስል ከውሰር ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። ማሚንና ሹፌሩን ለመክሰስ የሐኪሙ ወረቀት ይበቃል። ሜሪ የት ትኑር የሚለውን ግን ዳኛው በየካቲት 13 ለብቻው ያየዋል። «እናት ልጄን ስጡኝ ብላ ከመጣች፣ ቤት ውስጥ መመታቷን የሚመሰክር ከሌለ፣ ትሰጣታለች።»

«እኔ እመሰክራለሁ።»

«አንቺ የመለስሻት ነሽ። ትመታ ከነበረ ለምን መለስሻት ይሉሻል። ሌላ የሰማ ሰው አምጪ።»

«ጀርባዋ ላይ ያለውስ?»

«ምግብ ቤት ነው የተመታችው ይላሉ። አንድ ሰው አምጪ፣ አንድ።»

ከመሄዴ በፊት ሜሪን ልያት አልኩ። አልወጣችም።


አዋሽ፣ ጥር 30

አንድ ሰው። ግቢው ሙሉ ሰምቶ አንድ ሰው።

ጋሽ ዓቢይን ጠየቅኋቸው። «የቤት ገመና ፍርድ ቤት አይወጣም» አሉ። ሁሪያን ጠየቅኋት። ዓይኔን ሳታይ፣ «አስሩ፣ አራት ልጅ ይዤ ነው እዚህ የምኖረው። ባንተይርጋ የባሌን መኪና የሚበይድ ሰው ነው። አላህ ያውቃል፣ አልችልም» አለች።

እናቷ ጋ ሄድኩ። አለመሄድ ነበረብኝ።

«ልጄን ልትነጥቂኝ ነው? አንቺ ያልወለድሽ!»

«ደራርቱ፣ አንቺ ራስሽ አይተሻል።»

«እና አንቺ አላየሽም ነበር? ታሪኩ ፍሬሰላምን ሲቀጠቅጥ እዚያው ሸራ ትሰፊ ነበር! እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ በአጥር እሰማ ነበር። እሷንስ ጉልበት አስመሽ አላስገባሻትም? የት ደረሰች? ንገሪኝ፣ የት አለች?»

ደራርቱ በንዴት ነው የተናገረችው። ያኔ የነበረኝ የስፌት መኪና ድምፁ ከባድ ነበር። እሱ ሲሠራ ምንም አይሰማም።


የካቲት 3

ሸራ የሚያመጣ የለም። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ ቦታ ይለቁልኛል፣ ሰላም አይሉኝም። ለባቡር ግቢ ፖሊስ ያመጣች ሴት ተብያለሁ።

የስፌት መኪናው እየሠራም የፍሬሰላም ጩኸት ይሰማ ነበር። አቁሜ እሰማ ነበር። ከዚያ መልሼ እረግጠዋለሁ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።


የካቲት 8

ለከውሰር ደወልኩ።

«ሜሪ ምን ትላለች?»

«እንዳትመልሱኝ ትላለች። ሌላ ነገር አትናገርም። ሰው አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»


የካቲት 11

ዛሬ ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት መጡ።

ጋሽ ዓቢይ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ደራርቱ፣ ከኋላ ባንተይርጋ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ወንበር ስለማይበቃ ደጅ ሸራ አነጠፍኩላቸው። የመጡት ከባንተይርጋ ጋር ሊያስታርቁኝ ነው። ስሙን በፖሊስ አስነስቻለሁ፣ ቤቱን አፍርሻለሁ። ይቅርታ ልጠይቀውና ነገ ሰመራ ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበል፤ ደራርቱ ልጇን ይዛ ትመለስ፣ በሰላም እንኑር።

«ምንም አይጎድልብሽም» አሉኝ ጋሽ ዓቢይ። «ጎንበስ ብለሽ ጉልበቱን ሳሚ። ሰው ነን፣ እንሳሳታለን።»

ባንተይርጋ እግሩን ዘርጋ አደረገ። ጉልበቱን አየሁት። ሱሪው ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። ከተቀመጥኩበት መነሳት አልቻልኩም፤ እምቢ ማለትም አልቻልኩም። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ለመታዘዝ ጉልበቴ በራሱ ይታጠፋል። እውነቱን ልጻፍ፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ልስም ነበር።

«በምን መታሃት?»

ሁሪያ ናት። ልብስ እያሰጣች ነበር፣ ያዘለችውን ልጅ እንኳ አላወረደችም።

«ሁሪያ፣ የሽማግሌ ቦታ ነው» አሉ ጋሽ ዓቢይ።

«እሺ ጋሼ። አንድ ጊዜ ብቻ ይመልስልኝ። ሜሪን አጥፊ ናት ስትሉ እሱን አንድም ቀን ጠይቃችሁት አታውቁም። በምን ነበር?»

ባንተይርጋ ሳቀ። «በቺንጋ ነዋ! ምን፣ ደብቄ ነው? እናንተው ፊት ነው የመታኋት። እኔም በጅራፍ ነው ያደግኩት። ቺንጋ ሰው አይገድልም።»

«ስንት ጊዜ?»

«ባጠፋች ቁጥር!»

ደራርቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያን ጊዜ ነው መነሳት የቻልኩት።

«ጋሽ ዓቢይ፣ ይህን ሰምተዋል» አልኩ። «ከነገ ወዲያ ዳኛው ፊት ይናገሩት።»

መሬት መሬት አዩ። «እኔ ጆሮዬ ከብዷል፣ ልጄ» አሉና ከዘራቸውን ፈለጉ።

«የእኔ አልከበደም» አለች ሁሪያ።

ባንተይርጋ ሲወጣ እሷን ብቻ ነው ያያት። «ለባልሽ መኪና ሌላ በያጅ ፈልጉላት» አላት።


የካቲት 12

ከአዋሽ በሚኒባስ ወጣን። ሁሪያ ትንሹን ልጅ ይዛለች፤ ሦስቱን ለእህቷ ትታለች። ባሏ ትናንት ማታ ምን እንዳላት ጠየቅኳት፤ ስትመለሽ እንነጋገራለን ብሏታል። ያ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሆኖም መጣች።

እኔ ደግሞ ለከውሰር አንድ ጥያቄ በውሸት መልሼላታለሁ። ነገ ጠዋት ዳኛው ከመግባቱ በፊት አስተካክለዋለሁ። የፍሬሰላምን ስም፣ የሄደችበትን ዓመት፣ ማን እንደመታት፣ ማን እንደመለሳት።

ሚሌ ላይ ለምሳ ቆመን ሁሪያ እጇን ሳትታጠብ ቁጭ አለች።

«አስሩ፣ ልጅቷን ሳያት ምን ልበላት? እኔም እኮ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አይዞሽ ልበላት?»

«ለእሷ ምንም አትበያት» አልኳት። «ለዳኛው ተናገሪ። ለእሷ የምንለው አልቆብናል።»